የእትዬ አትጠገብ ጠርሙስ

ባለፈው ሳምንት ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ስሄድ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ገና የተቆረጠ ቀርቀሃ ተጭኖ ነበር። መስኮቱን ስከፍት ያ እርጥብ፣ ሣር ሣር የሚል ሽታ ገባና እትዬ አትጠገብን አመጣብኝ።

እትዬ አትጠገብ እዚያው እንጅባራ፣ ቆሰበር፣ ጎረቤታችን ነበሩ። ማር በጥብጠው፣ አጥልለው፣ ብርዙን በባዶ የለስላሳ ጠርሙስ እየሞሉ ይሸጡ ነበር። ያኔ ባጃጅ ለከተማው ገና ብርቅ ነው፤ የእሳቸውን ብርዝ ግን የማያውቅ አልነበረም። ጠርሙሱን ቀዝቃዛ ውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ ስለሚያቆዩት ገዢው ሲያነሳው እያሟለጨ ያመልጠዋል። ከደጃፋቸው የጠርሙስ ስባሪ ጠፍቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ባለሆቴሉ አቶ ደሳለኝ መጡ። ለጥር የፈረስ ጉግስ ድንኳን ተክለው የእትዬን ብርዝ ሊሸጡ አስበዋል።

«ብርዝሽስ ግሩም ነው፤ ጠርሙሱ ነው የሚያሳፍረው። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ይለጠፍበት» አሏቸው።

«ወረቀት ውሃ ውስጥ ምን ያህል ይቆያል? ጠርሙሱን ለእኔ ይተዉት።»

በማግስቱ ቀርቀሃ አስመጡ። በቢላዋ አቅጥነው ሰነጠቁና ጠርሙሱን ከወገቡ በታች ጎነጎኑበት። የመጀመሪያው ጉንጉን እጅ ቧጠጠ፤ ሳያዝኑ ፈቱት። እንደገና ስንጥሩን ፍቀው፣ አንጓ አንጓውን ብቻ ሳይነኩ ትተው ሠሩት። ሲጨርሱ ጠሩኝ።

«ዓይንሽን ጨፍኚና ያዢው።»

ጣቶቼ ሥር ጎርበጥ ጎርበጥ የሚል፣ የማይወጋ ግን የማይለቅ ነገር ተሰማኝ።

አቶ ደሳለኝ አሁንም ስላላመኑ ከጠርሙሶቹ ግማሾቹ ላይ ወረቀት አስለጠፉ። በጉግሱ ቀን ወረቀቱ ሳፋው ውስጥ እየተላጠ ተንሳፈፈ። ፈረሰኞቹ በአንድ እጃቸው ልጓም እንደያዙ፣ በላብ በራሰ ሌላው እጃቸው ቀርቀሃ የለበሰውን እየተቀበሉ ኮርቻ ላይ ሆነው ጠጡ። አንድም ጠርሙስ አልወደቀም። አንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ በአገውኛ የሆነ ነገር ብለው ሳቁ፤ እትዬ አትጠገብም በአገውኛ መለሱላቸው።

«ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጠርሙሱ ጨበጠኝ አሉ። የሚያከብረውን ሰው ያውቃል አልኳቸው።»

አመሻሹ ላይ አቶ ደሳለኝ መጥተው፣ «ከእንግዲህ ሁሉንም አልብሺልኝ» አሉ።

«አለብሳለሁ። ቀርቀሃውን ግን እርስዎ ይላኩ» አሉ እትዬ አትጠገብ፣ ሳፋውን እየደፉ።

እሳቸው ካረፉ ቆይቷል። ዛሬ ብርዝ ሻጮቹ ሌሎች ናቸው፤ ጠርሙሱን ሁሉም ያለብሱታል። ገዢው ሲመጣ ብርዝ ስጪኝ አይልም፤ «አንድ አትጠገብ» ይላል። የሰው ስም መሆኑን የዛሬ ልጆች አያውቁም።