ያልተቀበልሁት ጉርሻ

ከጅዳ የመጣችው ልጄ ትናንት ምሽት መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ከአንድ ምግብ ቤት ደጃፍ አስቀምጣ ፓስታ ጋበዘችኝ። የስጎው ሽታ ወደ ወረኢሉ መለሰኝ።

ያኔ እዚያ ከተማ ተማሪ ነበርሁ። አባቴ ለገበያ መጥቶ፣ ከጓደኞቼ ጋር ምግብ ቤት በረንዳ ላይ አገኘኝና አጠገቤ ተቀመጠ። ሹካ አያውቅምና ፓስታውን በእጁ ጠቅልሎ፣ «ቢስሚላህ በል፣ ጉረስ» አለኝ። ጓደኞቼን አፍሬ ፊቴን አዞርሁ። እጁ እንደተዘረጋ ቆየ።

«ይሁን ልጄ፤ የገበሬ እጅ ነው» አለና ራሱ ጎረሰው። ከዚያ ወዲያ አጉርሶኝ አያውቅም።

ልጆቼን ወላጅ አክብሩ እያልሁ አሳድጌ ይህን ግን ደብቄአቸዋለሁ። ትናንት ሹካዬን አስቀምጬ፣ በእጄ ጠቅልዬ ለልጄ ዘረጋሁላት።

ዙሪያዋን አየች። «አባ፣ ሰው እኮ ያየናል» አለችኝ።

እጄን አልመለስሁም።