በወረቀት የተጠቀለለችው ከረሜላ

ባለፈው እሁድ፣ ሆሳዕና ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ መዘምራኑ ሊነሱ ሲሉ፣ ምሕረት የምትባል ልጅ ከረሜላዋን ከአፏ አውጥታ በወረቀቷ ጠቀለለችና ኪሷ ከተተቻት። ዘምራ ስትመለስ መልሳ እንደምትጎርሳት አላጣሁትም። ምላሴ ሳላዘው ወደ ፊት ጥርሴ ሄደ።

እኔም በእሷ ዕድሜ እንደዚሁ ነበርኩ። ከረሜላ ድምፅ ያለሰልሳል ስለሚባል፣ ከመካከላችን ያለ ከረሜላ የሚለማመድ አልነበረም። ሌሎቹ ቀርጥፈው ሲጨርሱ የእኔዋ አንዷ ቀኑን ሙሉ ትቆያለች፤ ላስ ላስ አደርግና እጠቀልላታለሁ፣ ቆይቼ ደግሞ እጎርሳታለሁ። ስስታም ሲሉኝ እንኳ ኩራት ይሰማኝ ነበር።

መስቀል አልፎ ሾኔ ከተማ በሚደረገው ጉባኤ ላይ መዝሙር እንድመራ በተመረጥኩ ሰሞን፣ የላይኛው የፊት ጥርሴ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። በቅርንፉድ ላታልለው ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። ያኔ እኛ የምናውቀው የታመመ ጥርስ እንደሚነቀል ብቻ ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቆሜ በወላቃ አፍ ልዘምር? ተደብቄ አለቀስኩ። በመጨረሻ ጓደኛዬ ወርቅነሽ እጄን ይዛ ክሊኒክ ወሰደችኝ።

የጥርስ ሐኪሙ ረጋ ብለው የሚናገሩ ጎልማሳ ነበሩ።

«ጣፋጭ ታበዣለሽ?»

«ኧረ እኔስ በቀን አንድ ከረሜላ ብቻ!»

«አንዷን እኮ በጉንጯ ይዛ ነው ከጠዋት እስከ ማታ የምትውለው!» አለች ወርቅነሽ።

ሐኪሙ ሳቁ። «ከምሳ ጋር በልተሽ ጨርሰሽ፣ በውሃ ብትጉመጠመጪ ይሻልሽ ነበር። ጥርስም ከጣፋጭ የሚያርፍበት ሰዓት ይፈልጋል። አንቺ ዕረፍት ነሳሽው።»

የኮራሁበት ቁጠባ ጉድ ሠራኝ።

«ይነቀላል?» አልኩ።

«ምን በወጣው! መቦርቦሩ ሥሩ ጋ አልደረሰም፤ ቀዳዳው ይሞላል።»

ደስታዬን ምን ልበላችሁ! እልል እንዳልል አፌ በጥጥ ተሞልቷል።

ሾኔ በአይሱዙ ተጭነን፣ ጭቃው ገና ባልጠገገ መንገድ እየተንገጫገጭን ደረስን። ዘምሬ ስወርድ ከመንገድ ዳር ትኩስ ጥብስ በቆሎ ገዛንና በዚያው በተሞላው ጥርሴ ገመጥኩት። ሐኪሙ ቢያዩኝ መቆጣታቸው አይቀርም ነበር።

ባለፈው እሁድም ምሕረት ዘምራ ስትመለስ፣ እጇ ወደ ኪሷ ሳይደርስ የያዝኩትን ውሃ አቀበልኳት።

«እትዬ፣ አንድ ብቻ እኮ ናት» አለችኝ።

«እኔም የምፈራው አንዷን ነው» አልኳትና ሳቅሁ። ያኔ በልጅነቴ ጥርሴ ተነቅሎ ቢሆን ኖሮ በሳቅሁ ቁጥር አፌን በእጄ እሸፍን ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይህን ሁሉ ዓመት እንደ ልቤ ስቄያለሁ።