የኋላ ወንበር

ታላቅ ወንድሜ የሽዋስ ሰው ሲያዘው እምቢ ማለት አያውቅም። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ሲገባ እኔ ዱር ገባሁ፤ እሱ ግን መካኒክነት ተማረና መኪናቸውን ሲጠግን አራት ዓመት ኖረ። ሰፈሩ ባንዳ ሲለው፣ «እኔ የያዝኩት መፍቻ ነው፤ ጠመንጃ አይደለም» ይል ነበር። ማን ሊሰማው!

በ1933 መጋቢት እኛ አርበኞቹ ወደ ከተማው ስንቃረብ ጣሊያኖቹ ለመውጣት ተነሡ። አለቃው የነበረው ካፒቴን፣ «አንተንም እወስድሃለሁ፤ ከኋላ ወንበር ትቀመጣለህ» ብሎ ቃል ገባለት። ያን አምኖ ሚስቱን አሰገደችን ሉማሜ ወላጆቿ ዘንድ ላካት።

ኋላ እንደሰማሁት፣ በመውጫቸው ቀን ጧት ካፒቴኑ ትንሿን መኪናውን አቁሞ፣ «ቦታው ለዕቃዬ አልበቃ አለኝ፤ የኋላውን ወንበር ፍታው» አለው። የሽዋስ አራቱን ብሎን ፈታ፤ ወንበሩን አውጥቶ ግቢው ውስጥ አስቀመጠ። ምንጣፉን፣ የወይን ጠጁን ሣጥን፣ የግድግዳ ሰዓቱን በገዛ እጁ ጫነ። ይባስ ብሎ ሰዓቱ እንዳይሰበር በራሱ ጋቢ ጠቀለለው። ሞኝ! ገመዱን አጥብቆ ካሰረ በኋላ ነው የራሱ መቀመጫ ትዝ ያለው። ካፒቴኑ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና መኪናውን አስነሥቶ ወደ ዓባይ ነጎደ።

የት ይሽሽ? በአንድ በኩል እነሱ፣ በሌላ በኩል እኛ።

ስንገባ እዚያው ግቢ፣ ያለ ጋቢ፣ ራሱ በፈታው ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ጓዶቼ ጠመንጃቸውን ደግነው ከኋላዬ ቆመዋል፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው።

«ተነሥ!» አልኩት።

ተነሣ።