የእማማ ሩቂያ ድስት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴም አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ስዘረዝር ይህችን ብቻ እየዘለልኩ ስንት ዓመት አለፈ! ለምን? ስግደት ይሰጡኝና ይቀለኛል ብዬ ፈርቼ ነው። እንዲቀለኝ አልፈልግም። ወይም እፈልጋለሁ፤ ግን በዚያ መንገድ አይደለም። እናንተ አታውቁኝም፤ ስለዚህ ስሙኝ።

ወደ ሐረር የመጣሁት ጀማሪ አስተማሪ ሆኜ ነው፤ አገሬ ጎጃም ነው። ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ወደ ኤረር በር በሚወስደው ጠባብ መንገድ ላይ፣ እማማ ሩቂያ የሚባሉ ሐረሪ ሴት ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል አከራዩኝ። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጃቸው ነጃት ድሬዳዋ ተድራለች። ኩሽናቸውን፣ ድስታቸውንና ሙቀጫቸውን እንደ ልቤ እንድጠቀም ፈቀዱልኝ። አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ። "ልጄ፣ ሥጋችሁ ኩሽናዬ እንዳይገባብኝ። ሌላው ሁሉ ያንተው ነው" አሉኝ። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን እንደማይበላ ለእናንተ አልነግራችሁም። እኔም ምዬ ገባሁ።

ጎመን ሁለታችንንም አስማማን። ኤረር በር ከሚቀመጡት ሻጮች ጎመንና ቆስጣ እገዛለሁ። ውሃ እንደ ልብ በማይመጣበት ከተማ ከበርሜላቸው ቀድቼ ደጋግሜ እንዳጥበው ይተዉኛል፤ ያጠብኩበትን ለሎሚ ዛፋቸው ያፈሱታል። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላላለሁ፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እጨምራለሁ፤ ጎመኑ ቀድሞ ይገባል፤ ቆስጣው ቶሎ ስለሚበስል መጨረሻ ላይ፣ ከቃሪያው ጋር። እማማ ሩቂያ በሩ ላይ ቆመው "አቦ፣ ወንድ ልጅ እንዲህ ሲከትፍ! የምታገባህ ታድላ" እያሉ ይስቁብኛል።

አንድ ክረምት ላይ ታመሙ። ትኩሳቱ ለቀቃቸው፤ እህል ግን አልወርድ አላቸው። ነጃት መጥታ ሾርባ ብትሠራ አልቀመሱትም፤ አዝና ወደ ልጆቿ ተመለሰች።

እኔ ደግሞ እናቴ የላከችው ቋንጣ ነበረኝ፤ አልጋዬ ሥር አስቀምጬ እዚያው ክፍሌ ውስጥ እቆረጥመዋለሁ። አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ፣ ተኝተዋል ብዬ፣ ቋንጣውን በሙቀጫቸው ወቀጥሁት። ዱቄቱን በድስታቸው ውስጥ የሚንተከተከው ጎመን ላይ በተንሁት። በእሳቸው ሙቀጫ። በእሳቸው ድስት። ማን አስገደደኝ? ርቦኝ ነበር? አልራበኝም። አማረኝ፤ በቃ አማረኝ።

ሽታው ቀሰቀሳቸው። ሻርባቸውን ተከናንበው፣ ግድግዳ እየደገፉ መጡ።

"ምንድን ነው የሸተተኝ ልጄ? ወላሂ፣ አፌ ምራቅ ሞላ" አሉ።

"እማማ፣ ሥጋ አለበት" ማለት ይበቃ ነበር። ምን ያደርጉኝ ነበር? ሻንጣዬን ይዤ ቤት ፍለጋ ሸዋ በር ስንከራተት ታየኝና "እናቴ የላከችው የአገራችን ቅመም ነው" አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሳቸው "ቢስሚላህ" ብለው ጎረሱ። እጃቸውን ልይዘው እችል ነበር፤ አልያዝኩትም። ያ "ቢስሚላህ" እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

በዚያ ቢቆም ኖሮ ደንግጬ ነው እላችሁ ነበር። በማግስቱ "ያን ጎመንህን" አሉኝ። ሠራሁላቸው። ደግሜ ሠራሁ። መድኃኒት ነው፣ ነፍስ ማዳን ነው እያልኩ ለራሴ ሰበክሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? ሲያመሰግኑኝ ደስ ይለኝ ነበር። ድነው መንገድ ሲወጡ ሰፈሩ ሁሉ "የአስተማሪው ጎመን አዳናቸው" አለ፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ምስጋናዬን ተቀበልኩ። ቋንጣው ሲያልቅስ ምን አደረግሁ? ለእናቴ ደውዬ "ጨምሪልኝ" አልኳት። እሷም ልጄ በላልኝ ብላ ደስ አላት። የመጀመሪያውን ጉርሻ በድንጋጤ ላመካኝ እችላለሁ። ስልኩን በምን አመካኛለሁ?

ከጊዜ በኋላ እማማ ሩቂያ ለሐጅ ተነሡ። ሐጅ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ከጎረቤቱ ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃል። ቤት ለቤት ዞረው በመጨረሻ እኔ ክፍል መጡ፤ ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።

"ልጄ፣ አውፍ በለኝ" አሉኝ። "በፍልሰታ ጾምህ ጎመን ልትሠራ ስትል ድስት አቀበልኩህ። ለካ ቅቤ ያነጠርኩበት ነው፤ በደንብ አልታጠበም። ትዝ ያለኝ ከበላህ በኋላ ነው። አፍሬ ዝም አልኩህ። ጾምህን አስገደፍኩህ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።"

እንባቸው መጣ። እኔ ምን እንደተሰማኝ ታውቃላችሁ? ደስታ! እኩል ሆንን ብዬ ደስ አለኝ። የእሳቸውን መርሳት ከእኔ ሙቀጫ ጋር እኩል አደረግሁት። "ምንም አይደል እማማ፣ ይቅር ብያለሁ" አልኳቸው፣ እንደ ደግ ሰው። "እርስዎም ይቅር ይበሉኝ" ማለት ነበረብኝ። በሩ ላይ ትንሽ ቆሙ። እኔ "በሰላም ይመለሱ" አልኩ።

ተመለሱ፤ ተምር አመጡልኝ፤ ተምሩን በላሁ። እኔ አግብቼ ከግንቡ ውጭ ቤት ያዝሁ። አምና እማማ ሩቂያ ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር። ዛሬም ኤረር በር ጎመን ሻጮቹ ጋ ስደርስ ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ።

በቅርቡ ነጃት፣ አሁን የእናቷ ቤት የምትኖረው፣ ደወለችልኝ። "ጋሼ፣ እናቴ እስክትሞት ያንን ጎመንህን ታነሳ ነበር። አቦ፣ ናና አሳየኝ" አለችኝ። ሄድኩ። ያው ድስት ነው የቀረበልኝ። ጎመኑን ከተፍሁ፤ ቆስጣውን መጨረሻ ላይ ጨመርኩ፤ ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ቀመሰችው።

"ይጣፍጣል። ግን እናቴ የምትለው ቅመምስ?" አለችኝ።

"አልቋል" አልኳት።

በዚያው ኩሽና፣ እንደገና ዋሸሁ። ልንገራት? ብነግራት የእናቷን ትዝታ አበላሽባታለሁ እላለሁ። ይህም ሰበብ ነው፤ የምፈራው ለራሴ ነው።

ሳያውቁ የበሉት አይቆጠርባቸውም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ በእሳቸው አይቆጠርም። በእኔስ? እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ድስቱ የእናንተ አልነበረም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ነበሩ። ደጄ ድረስ መጥተው ቆመውልኝ ነበር፤ እኔ "በሰላም ይመለሱ" ብዬ ሸኘኋቸው።