የተራ አስከባሪዋ ልጅ በብርኖ

ወይዘሮ ዘመነች አዲስ አበባ ጦር ኃይሎች አካባቢ ቆመው የታክሲ ተራ ሲያስከብሩ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ተራ አስከባሪ ሲባል ብዙ ሰው ዓይን ላይ ድቅን የሚለው የመኪና በር የሚደበድብ ጎረምሳ ነው። እሳቸው ግን አጠር ያሉ፣ ድምፃቸው ጎርነን ያለ፣ ነጠላቸውን አሸርጠው ከላይ ቢጫ ሰደርያ የሚደርቡ ሴት ናቸው። ወደ አስኮ የሚሄደው መስመር የሳቸው ነው። ሰልፉ ውስጥ ማን እርጉዝ እንደሆነች፣ ማን ከሐኪም ቤት እንደመጣ፣ ማን ደግሞ ከፊት ካለው ሰው ጋር የሚያወራ መስሎ ሊሰርግ እንደሚያደባ አንድ ጊዜ ገልመጥ አድርገው ያውቃሉ።

አንድ ልጃቸው ውዳሴ ከትምህርት ቤት ስትለቀቅ የቤት ሥራዋን የምትሠራው ከሰልፉ አጠገብ፣ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነበር። አባቷ አቶ በየነ ኮልፌ አጠና ተራ እንጨት ሲሸጡ ስለሚውሉ ቤት ሰው የለም። ትንሽ እያለች እናቷ ፊሽካ ሲነፉ ደስ ይላት ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት ግን አንድ ቀን የክፍሏ ልጆች ሰልፉ አጠገብ ከእናቷ ጋር አዩዋት፤ ከዚያ ወዲያ በሌላኛው መንገድ እየዞረች ቤት መግባት ጀመረች። ወይዘሮ ዘመነች ለምን ብለው አልጠየቁም።

ውዳሴ ጎበዝ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የከተማ ፕላን ማጥናት ጀመረች፤ አራተኛ ዓመት ላይ ስትደርስ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ብርኖ በምትባል ከተማ አንድ ሴሚስተር የሚያስተምር የልውውጥ ዕድል ወጣ። ስልሳ ተማሪ አመለከተ። ሁለት ሰው አለፈ፤ አንዷ እሷ ነበረች።

ፎርሙን ቤት ይዛ የመጣች ቀን እናቷ እጃቸውን እየታጠቡ፣ “እስቲ አንብቢልኝ፣ ምን ምን ይላል?” አሏት።

ውዳሴ እንግሊዝኛውን እየተረጎመች አነበበች። ስም፣ አድራሻ፣ የአባት ሥራ። የእናት ሥራ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ትንሽ ወረደ። “የቤት እመቤት” ይላል።

ወይዘሮ ዘመነች እጃቸውን በፎጣ አደራርቀው፣ “የቤት እመቤትነትም ደግ ሥራ ነው” አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። ነገሩ በዚሁ ቀረ። ውዳሴ ግን ያን ሳምንት ምግብ አልጣማትም።

የጉዞው ዕለት ቦሌ ሊሸኟት ሲሄዱ እናቷ ጉንጯን ሳም አድርገው አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። “ያልገባሽን ጠይቂ። የገባሽን ደግሞ እንዳልገባው ሰው አንገትሽን ደፍተሽ አትለፊው።”

ብርኖ የደረሰችው በመስከረም አጋማሽ ነው። መጀመሪያ ያስገረማት ትራም የሚሉት የከተማው ባቡር ነገር ነበር። ፌርማታው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ትራሙ ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ላይ ይመጣል ካለ፣ ከአሥራ ሰባት ይመጣል። ከአሥራ ስምንት ከሆነ ሰው ሰዓቱን ያያል፤ ሃያ ከሞላ ደግሞ ማጉረምረም ይጀምራል። ውዳሴ ለብቻዋ ሳቀች።

የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ኒኖ የምትባል ከጆርጂያ የመጣች ልጅ ነበረች። ሁለቱም መንገድ ይወዳሉ። ቅዳሜ ሲመጣ ዳቦና የታሸገ ምስር በቦርሳቸው ይዘው ባቡር ላይ መውጣት ነው። ክራኮቭ ሄዱ፤ ቡዳፔስት ሄዱ፤ ድልድዩ ላይ ነፋስ ባርኔጣቸውን ሊወስድ ሲታገላቸው ዋለ። ኒኖ ቤተ መንግሥቱንና ቤተ ክርስቲያኑን ፎቶ ስታነሳ ውዳሴ ባቡር ጣቢያው ላይ ልቧ ይቀራል። ሰው በየትኛው በር ይገባል? የት ይቆማል? ማን ይቀድማል? አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሰዉን አካሄድ ደብተሯ ላይ በቀስት ትሥላለች። “አንቺ አውሮፓን የምታይው በሰው እግር ነው” ትላታለች ኒኖ እየሳቀች። ውዳሴም ስድብ አድርጋ አልወሰደችውም።

ከትምህርቶቿ ሁሉ የምትወደው የፕሮፌሰር ኮላርን የሕዝብ ትራንስፖርት ክፍል ነበር። አንድ ማክሰኞ ማርቲን የሚባል ተማሪ የሰዓት ሰሌዳ ስለሌላቸው ከተሞች ጥናቱን አቀረበ። አንድ ፎቶ ግድግዳው ላይ ወጣ፤ የሆነ የአፍሪካ ከተማ፣ ሚኒባስ፣ በዙሪያው የተኮለኮለ ሰው። “እንደምታዩት” አለ ማርቲን፣ “እዚህ ሥርዓት የሚባል ነገር የለም።” ክፋት አልነበረበትም፤ የመሰለውን ነው የተናገረው።

ፕሮፌሰሩ ወደ ውዳሴ ዞር አሉ። “የምትጨምሪው ነገር አለ?”

አለ። ፎቶው ላይ ካለው ግርግር በስተግራ በኩል አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ሰዉን ሲያቆም ይታያል። ያን ሰውዬ ከክፍሉ ውስጥ ያየችው እሷ ብቻ ናት። ምን እያደረገ እንደሆነም ታውቃለች። ግን ማስረዳት ከጀመረች፣ አንቺ ይህን ከየት አወቅሽው የሚል ጥያቄ ይመጣል።

“የለኝም” አለች።

ከክፍል ስትወጣ ትራሙን ትታ በእግሯ ሄደች። ማርቲን ላይ ሳይሆን ራሷ ላይ ነበር የተናደደችው። እናቷ ቦሌ ላይ ያሏት ቃል ጆሮዋ ላይ ይጮህ ነበር።

ነገሩ የተገለበጠው በህዳር ወር፣ ከኒኖ ጋር ቪየና ሊሄዱ በወጡበት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ብርቱ ነፋስ ነበር። ባቡሩ ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይደርስ ዛፍ የኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ ወደቀና አንዲት ትንሽ ጣቢያ ላይ ቆመ። ሁሉም ውረዱ ተባለ። ከሦስት መቶ የማያንስ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ወረደ። ያለችው አንዲት የባቡር ሠራተኛ ብቻ ናት፤ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ሬዲዮዋን ጆሮዋ ላይ የለጠፈች ሴት። አውቶብሶች ተራ በተራ እንደሚመጡ፣ ከፊሎቹ ወደ ቪየና ከፊሎቹ ወደ ስሎቫኪያ ዋና ከተማ ወደ ብራቲስላቫ እንደሚሄዱ ተናገረች። ስንት እንደሆኑ ግን አልተናገረችም።

የመጀመሪያው አውቶብስ ሲመጣ ያ ሁሉ ትራም ሲጠብቅ ሰዓቱን የሚያይ ጨዋ ሰው ሌላ ሰው ሆነ። ሁሉም በሩ ላይ ተረባረበ። ሻንጣ ከሻንጣ ተጠላለፈ፤ አንድ አዛውንት ተገፍተው በጉልበታቸው ወደቁ፤ ልጅ የያዘች ሴት ጮኸች። ሾፌሩ ተናዶ በሩን ዘጋ። “እንዲህ ከሆነ አልጭንም!” እያለ ነበር፤ ቋንቋውን ለማያውቅም ግልጽ ነው።

ውዳሴ ኋላ ስታወራው፣ “አላሰብኩበትም፤ እግሬ ነው የሄደው” ትላለች። ቦርሳዋን ለኒኖ ሰጥታ አግዳሚ ወንበር ላይ ወጣች። ከዚያ በዚያ ከእናቷ በወረሰችው ጎርናና ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ፣ “ቪየና በዚህ! ብራቲስላቫ በዚያ!” ብላ ጮኸች። ሁለት እጇን ዘረጋች። ሰዉ ቀና ብሎ አያት። ደግማ ጮኸች። የባቡር ሠራተኛዋ ይህቺ ደግሞ ማን ናት ብላ አፍጥጣ ቆየችና ነገሩ ገባት፤ እሷም ያንኑ በቼክኛ ትደግመው ጀመር።

ውዳሴ ኒኖን የብራቲስላቫው ሰልፍ ፊት ላይ እንደ ችካል አቆመቻት። ልጅ የያዙትን ሰዎችና የወደቁትን አዛውንት ፊት አደረገች። ከዚያ ዋናውን ነገር ሠራች። በሰልፉ ጎን እየሄደች ጭንቅላት ቆጠረች። ሃምሳኛው ሰው ላይ ስትደርስ ቆማ፣ “እስከ እርስዎ ድረስ በዚህ አውቶብስ። ከእርስዎ በኋላ ያለው በሚቀጥለው” አለች። መቶኛው ላይም እንዲሁ። ሠራተኛዋን በሬዲዮ አስጠይቃ የሚቀጥለው አውቶብስ ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ መሆኑን አረጋገጠችና ያንንም ለሰልፉ ተናገረች። ሰው ሻንጣው ላይ ተቀመጠ። ዳቦ አወጣ። አንዳንዱ መሳቅ ጀመረ።

ሾፌሩ በሩን ከፈተ።

በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ጣቢያው ባዶ ሆነ። ውዳሴና ኒኖ የመጨረሻው አውቶብስ ላይ ሊወጡ ሲሉ የባቡር ሠራተኛዋ እጇን ያዘቻት። “የት ነው የምትሠሪው?”

“ተማሪ ነኝ” አለች ውዳሴ። ከዚያ ጨመረች። “ይህ የእናቴ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ የምትሠራው ይህንን ነው።”

ይህን ቃል ከአፏ ስታወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። ቪየና ሲደርሱ ውጭ ቆመው ቼስትነት የሚሉትን የተጠበሰ የዛፍ ፍሬ በሉ፤ ውዳሴ ቀኑን ሙሉ እንደ ሰከረ ሰው ስትስቅ ዋለች።

በማግስቱ እሑድ፣ እናቷ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱበትን ሰዓት ጠብቃ በአባቷ ስልክ ደወለች። ወይዘሮ ዘመነች በቪዲዮው ላይ ግማሽ ፊታቸው ብቻ ነው የሚታየው። ውዳሴ የባቡሩን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸው። እናቷ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አቋረጧት።

“ሽማግሌውን ፊት አደረግሻቸው?”

“አደረግኋቸው።”

“ጎሽ።”

“እማ፣ ግን ሰው ለምንድነው የሚጋፋው? እነዚህ እኮ ሌላ ቀን አይጋፉም።”

“መቅረትን ስለሚፈራ ነዋ! ሰው ቁርጡን ካወቀ ይቆማል። ተራህ ይደርስሃል ካልሽው፣ ቢዘገይም ይቆማል። ተራ የሚፈርሰው ሰው ስለከፋ አይደለም፤ ተራው ራሱ ሲዋሽ ነው። አንድ ቀን ዘመዴን ባሾልክ፣ በማግስቱ ማን ይሰማኛል?”

ውዳሴ ደብተሯን ሳብ አድርጋ ጻፈችው። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

“እማ፣ ፎርሙ ላይ የቤት እመቤት ብዬ የጻፍኩት…”

“አውቃለሁ።”

“ተቀየምሽኝ?”

“ተቀይሜሽ ነበር። አንድ ሳምንት። ከዚያ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ሰልፉ በዛ፤ ረሳሁት።” ካሜራው ተንቀሳቀሰና ሙሉ ፊታቸው መጣ። እየሳቁ ነበር። ውዳሴ ግን አለቀሰች፤ ኒኖ ምን ሆነች ብላ ከአልጋዋ ተነሳች።

ከዚያ በኋላ ለፕሮፌሰር ኮላር ክፍል የሚቀርበውን ጥናት እናትና ልጅ አብረው ሠሩ። ውዳሴ ከብርኖ ጥያቄ ትልካለች፤ ወይዘሮ ዘመነች ጦር ኃይሎች ላይ በብጣሽ ወረቀት እየጫሩ መልስ ይሰበስባሉ። ጠዋት ሰልፉ ስንት ሰው ይደርሳል? የመጨረሻው ሰው ስንት ደቂቃ ይቆማል? ዝናብ ሲመጣስ? አቶ በየነ ማታ ቤት ሲገቡ ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ይልካሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቀን አልተዛነፈም።

በታኅሣሥ ውዳሴ ጥናቷን ለማቅረብ ቆመች። የመጀመሪያው ምስል ቢጫ ሰደርያ የለበሱ አጭር ሴት ናቸው። “ይህቺ እናቴ ናት” አለች። “ዛሬ የማቀርበው መረጃ የእሷ ነው።” ከዚያ ማርቲን ያሳየውን ፎቶ ግድግዳው ላይ አውጥታ በስተግራ እጁን የዘረጋውን ሰውዬ በጣቷ አሳየች። “ሥርዓቱ እዚህ ጋ ነው። በወረቀት ስላልተጻፈ ነው ያልታያችሁ።”

ፕሮፌሰር ኮላር መነጽራቸውን አወለቁ። “ተራ አስከባሪው አድሏዊ ቢሆንስ?”

“ያኔ ሰልፉ ይፈርሳል” አለች። “ከተማችን ውስጥ የፈረሰበትም ቦታ አለ፤ አልደብቅም። ሁሉም እንደ እናቴ አይደለም። ለዚህ ነው ጥሩዎቹ እንዴት እንደሚሠሩ ማወቅ የሚያስፈልገው።”

ማርቲን እጁን አወጣና ጥያቄ ሳይሆን ልመና አቀረበ፤ የራሱን ጥናት ሊያስተካክል ስለሆነ ቁጥሮቹን ታካፍለው እንደሆነ። አካፈለችው። የክፍሉን ከፍተኛ ውጤት ያገኘችው እሷ ነበረች።

በጥር መጨረሻ አዲስ አበባ ገባች። ለመመረቂያ ጥናቷ የመረጠችው የአስኮን መስመር ነው። የተራ አስከባሪዎቹ ማኅበር መጀመሪያ አላመናትም፤ ተማሪ መጥቶ ጠይቆ ይሄዳል፣ ምን ጥቅም አለው አሉ። እሷ ግን ስድስት ሳምንት ሙሉ ማለዳ ማለዳ ሰልፉ ጎን ቆመች። ከዚያ አራት ሰሌዳ አሠርታ በእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ አስተከለች። “እዚህ የቆመ ሰው አሥር ደቂቃ ይጠብቃል” ይላል አንዱ። ቀጣዩ ሃያ ይላል፤ ከዚያ ሠላሳ፤ ከዚያ አርባ። ወይዘሮ ዘመነች የመጨረሻውን ሰሌዳ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። “አርባ አትበይ። አርባ አምስት በይ። ሰው ቀድሞ ሲደርሰው ይመርቅሻል፤ ሲዘገይበት ነው የሚረግምሽ።” ውዳሴ ተከራከረች፤ ቁጥሮቹን አወጣች። በመጨረሻ አርባ አምስት ተባለ።

ሰሌዳዎቹ በቆሙ በሁለተኛው ወር ጠዋት ጠዋት በሰልፍ የሚነሳው ጠብ በግማሽ ቀነሰ። ውዳሴ ተመረቀች፤ አሁን የከተማ ትራንስፖርት በሚያጠና አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ባለፈው ዓመት የአየር ጤና ሰፈር ተራ አስከባሪዎች እኛም ይህን አሠራር እንፈልጋለን ብለው ሲመጡ ድርጅቱ አሠልጣኝ ፈለገ። ውዳሴ የአሠልጣኙን ፎርም ራሷ ሞላችው። ስም፦ ዘመነች። ሥራ፦ ተራ አስከባሪ። የሥራ ልምድ፦ አሥራ አምስት ዓመት።

ሥልጠናው ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። ወይዘሮ ዘመነች አዳራሽ ውስጥ ማስተማር እምቢ ብለው ሃያ ሁለቱንም ሠልጣኞች አየር ጤና አውጥተው፣ ሰልፉ መሀል አቁመው ነው ያስተማሯቸው።