የአፋፉ መንገድ ይግባኝ

ረቡዕ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ አፋፍ ጊዮርጊስ

ቤቴን ቆልፌ የወጣሁት ለጸብ ነው። ሰው ለንግድ ይጓዛል፣ ለመሳለም ይጓዛል፣ ዘመድ ሊጠይቅ ይጓዛል፤ እኔ አንዲት ገጽ ደብዳቤ በፌስታል ጠቅልዬ፣ ደብዳቤዋን የጻፉትን ሰዎች ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄጄ ላፋጥጥ ተነሳሁ። ስንዱ እባላለሁ። እዚሁ ቀበሌ ሠላሳ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ጸብ አልወድም ብዬ አልዋሽም።

ነገሩ የመንገዳችን ነገር ነው። ከአምበር ወደ ደቡብ የሚወርደው የጠጠር መንገድ የአባይ ገደል አፋፍ ላይ ሲደርስ ይታጠፍና አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ያህል የገደሉን ጫፍ ይዞ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ማሽን አልነካውም። እኔ ገና አዲስ መምህር ሳለሁ አገሬው በደቦ ወጥቶ በዶማና በአካፋ ነው የቆረጠው፤ የእኔም መዳፍ ውሃ ቋጥሯል።

አምና ዓይን የሚማርኩ የገጠር መንገዶች «የእይታ መንገድ» ተብለው ሊመዘገቡ ነው ሲባል ሰማን። የተመዘገበ መንገድ በየዓመቱ ይጠገናል፤ ዳርና ዳሩም አይቆፈርም። እኛን ያንገበገበን ይኸኛው ነበር። ንፋስ በር የምንለውን፣ ገደሉ ከሁሉም ቦታ አብልጦ የሚታይበትን ኩርባ፣ አንድ ባለሀብት የድንጋይ መፍጫ ሊተክልበት ጠይቋል። መንገዱ ከተመዘገበ መፍጫው ይቀራል። ካልተመዘገበ ንፋስ በር ጠጠር ሆኖ በመኪና ይጫናል።

ስለዚህ አመለከትን። በመስከረም መጨረሻ ሦስት ባለሙያዎች ሊያዩ መጡ፤ እዚያው ንፋስ በር ላይ እንደ ሠርግ ዳስ ጥለን፣ በግ አርደን ተቀበልናቸው። በሳምንቱ የመጣው መልስ ፌስታሌ ውስጥ ያለው ነው፦ «ኮሚቴው በአካል ተገኝቶ ባደረገው ምልከታ ለእይታ የሚበቃ መልክዓ ምድር አላገኘም። ቅሬታ ያለው እስከ አርብ ማቅረብ ይችላል።»

የአባይ ገደል ጠፋባቸው! በልተው፣ ጠጥተው፣ አመስግነውን ሄደው ይህን ይጽፋሉ? ደሜ ፈላ።

ብቻዬን አይደለሁም። የቆሎ ተማሪዎችን የሚያስተምሩት የኔታ ጥበቡ አብረውኝ አሉ፤ የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ናቸው። ገና አይሱዙው ላይ ሳንወጣ መከሩኝ።

«ስንዱ፣ ስንደርስ መጀመሪያ እኔ ልናገር። አንቺ ከጀመርሽ በሩን ይዘጉብናል።»

«ይዝጉት፤ በመስኮት እናገራለሁ» አልኳቸው።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ንፋስ በር

አይሱዙው ጤፍ ጭኗል። ጋቢና የተቀመጥነው በነፍስ ወከፍ መቶ ብር ከፍለን ነው። ረቡዕ ስለሆነ ሁለታችንም አልቀመስንም፤ በእኛ አገር ረቡዕና አርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ወደ አፉ የሚያስገባ ጤነኛ ሰው የለም።

ንፋስ በር ስንደርስ ሾፌሩ ጎማ ሊያይ ቆመ፤ እኛም ወረድን። ከኩርባው ዳር ላይ ድንጋዮች ቀይ ቀለም ተቀብተው በመስመር ተደርድረዋል። ባለሀብቱ ሰው ልኮ ወሰን አስምሯል ማለት ነው። መልሱ ገና ሳይጸና! ወገቤን አስሬ የመጀመሪያውን ድንጋይ ገለበጥኩት፤ ቀለሙ መሬት ሳመ። ሁለተኛውንም እንዲሁ አደረግኩ። የኔታ ነጠላቸውን ሰብስበው ያዩኝ ነበር።

«ኃጢአት ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«እያሰብኩበት ነው» አሉና ሦስተኛውን እሳቸው ገለበጡት።

አምስት ሰዓት፣ ከአምበር ወደ ደብረ ማርቆስ

ከአምበር አስፋልት ስለሆነ ነፍሳችን ተመለሰች። ሚኒባሱ ሰማንያ ብር አስከፈለን። ጥቅምት ገና ገባ ማለቱ ነው፤ የኑጉ ማሳ ቢጫ ለብሷል፣ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፣ በስተቀኝ ጮቄ ራሱን በደመና ሸፍኗል። አጠገቤ የተቀመጡት የሽንኩርት ነጋዴ ፌስታሌን ደረቴ ላይ አጥብቄ መያዜን አይተው ጠየቁኝ።

«ምን ይዘሻል፣ እህቴ? የፍርድ ቤት ነገር ነው?»

«የመንገድ ነው። በገደል አፋፍ የሚሄድ መንገድ ልናስመዘግብ ነው፣ ሰው እየመጣ እንዲያየው።»

ሴትዮዋ ከልባቸው አዘኑልኝ። «ገደል ደግሞ ምኑ ይታያል? እኔስ ገደል ባለበት ሳልፍ ዓይኔን ጨፍኜ ነው።»

ተናደድኩ። ፌስታሌን ይበልጥ አጥብቄ ያዝኩት።

ማርቆስ ስንደርስ ቢሮው ለስብሰባ ተዘግቷል፣ ነገ ኑ ተባልን። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ አውቶብስ መናኸሪያው አካባቢ ሽሮ በላን። አልጋም እዚያው ሰፈር ያዝን። ብርዱ የማርቆስ ብርድ ነው፤ ያን የነብር ሥዕል ያለበትን ቀይ ብርድ ልብሴን ይዤ አለመምጣቴ ቆጨኝ። አበዳሪ ነኝና ብርድ ልብሴ ሠርግ በመጣ፣ ለቅሶ በመጣ፣ ዳስ በተጣለ ቁጥር ከቤቴ አያድርም።

ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት፣ ቢሮው

የቢሮውን ስም አልጠራም። ጉዳያችንን የያዘው አቶ ናሁሠናይ የሚባል ወጣት ባለሙያ ነው፤ ከሦስቱ እንግዶቻችን አንዱ ነበር። ሲያየን ብድግ ብሎ የየኔታን መስቀል ተሳለመ፣ ወንበር ሳበልን። ትሕትናው ይባስ አናደደኝ። የኔታ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደምኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ ለእይታ የሚበቃ ነገር አላገኘንም ብለህ የፈረምከው በየትኛው ዓይንህ ነው? የድንጋይ መፍጫው ሰውዬ ምን አድርጎላችሁ ነው?»

ፊቱ ቀላ። «እማማ፣ ሰውዬውን በመልክም አላውቀው። እኛ ያየነውን ነው የጻፍነው።»

«ምን አያችሁ?»

ስልኩን አወጣና ያነሳቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ አሳየን። ጥብሱ አለ። ጠላ የተሞላ እንስራ አለ። የኔታ ሲስቁ አሉ። ወይዘሮ የሺ፣ የድግሳችን አዛዥ፣ ሰውን በግድ ስታጎርስ አለች። በየፎቶው ጀርባ ላይ ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ቅጠሉ ላይ የተወጠረ ቀይ ብርድ ልብስ። ነብሩ ቁልቁል ያየኛል። የእኔ ነብር!

የመጨረሻው ፎቶ ከዳሱ ከወጡ በኋላ የተነሳ ነው። ነጭ ነው። ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ሁሉንም ውጦታል።

«ከአራት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ዳስ ውስጥ ነበርን» አለ ናሁሠናይ። «ሦስት ጊዜ ልንወጣ ተነሳን፤ ሦስት ጊዜም አስቀመጣችሁን። ማለዳ ስንመጣም፣ ስንወጣም ያየነው ይህን ነው። ገደሉ የት ነበር?»

«ከብርድ ልብሱ ጀርባ» አልኩ።

«ታዲያ ለምን ሸፈናችሁት?»

ያን ቀን ጠዋት ከገደሉ የሚወጣው ነፋስ እንግዶቹን እንዳይመታቸው «በዚህ በኩል ይደፈን!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። ብርድ ልብሱን ከአልጋዬ ገፍፌ ያመጣሁት እኔ ነኝ። በእኛ ዘንድ እንግዳ ነፋስ አይመታውም፤ ሳይጠግብም አይነሳም። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሳማ ከርሜ ሌባው ከቤቴ ተገኘ። አፈርኩ፤ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። ገደሉ ግን ምንም አላጠፋም።»

«ይገባኛል፣ የኔታ። ግን አንድ ጊዜ ታይቷል። ለድጋሚ ምልከታ መኪና አይፈቀድልኝም።»

ይህን ሲል ነፍሴ ተመለሰች። «እኛ በመጣንበት ትመጣለህ» አልኩት። «በሚኒባስ፣ ከዚያ በአይሱዙ።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ፌስታሌን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወንበሬን አመቻቸሁ። ባለጉዳይ ገባ፣ ወጣ፤ እኔ እንዳለሁ ነኝ። የኔታ ዳዊታቸውን አውጥተው መድገም ጀመሩ። ለምሳ ሲወጣ ተሰናበተን፤ ሲመለስ እዚያው አገኘን። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ብዕሩን አስቀመጠ።

«እሺ። ቅሬታችሁን ዛሬ እቀበልና ቅዳሜ በራሴ ጊዜ እመጣለሁ።»

«ቅዳሜ አይሆንም። ነገ ና።»

«ነገ አርብ ሥራ አለኝ እኮ፣ እማማ። ቅዳሜ ምን ይለዋል?»

«ቅዳሜ ከመጣህ ያበሉሃል። እኔ ልከላከል ብል እንኳ አልችላቸውም። አርብ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማንም አያጎርስህም። ገደሉን የምታየው በዚያች ቀዳዳ ነው።»

ከዚያ ተነስቶ የአለቃውን በር አንኳኳ። ተመልሶ ሲወጣ የጠየቀን ሚኒባሱ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ነው።

አርብ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ንፋስ በር

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ከማርቆስ ተነሳን። አይሱዙው ኩርባው ላይ ሲደርስ ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። ዳስ! አዲስ፣ ቅጠሉ ያልጠወለገ ዳስ፣ ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ ቆሟል። በቀዳዳው ነብሩ ያየኛል።

«የኔታ!» አልኩ።

«እንግዳ ሲመጣ ዝም ይባላል እንዴ?» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። ማታ ለወይዘሮ የሺ ስልክ ደውለውላታል። የቤቴን ቁልፍ የሰጠሁት ደግሞ ለእሷ ነው።

ከጋቢናው ዘልዬ ወርጄ ብርድ ልብሴን ከነባላው ጎትቼ ጣልኩት። የሺ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አደረገች።

«ምን ሆነሻል፣ እትዬ ስንዱ! ልጁን ነፋስ ይመታዋል እኮ!»

«ይምታው!»

ቅጠሉን መግፈፍ ጀመርኩ። ሰዉ ቆሞ አየኝ። ከዚያ የኔታ ቋሚውን ይዘው ሳቡ፤ ሌሎችም ተጨመሩ፣ የዳሱ ጀርባ በአንድ ጊዜ ወደቀ። ነፋሱ ገባ። ገደሉም ከነፋሱ ጋር ገባ።

ናሁሠናይ እዚያው ቆሞ ቀረ። ጠዋት ስለነበር ሁሉም ነገር ጥርት ብሏል። ከላይ ጥቁሩ ዓለት፣ ከሥሩ ነጩ፣ ከነጩ ሥር ቀዩ፣ ደረጃ በደረጃ እየወረደ፤ ታች አባይ ቀጭን ቡናማ ክር ሆኖ ይሄዳል። አሞሮች ከእግራችን በታች ይዞራሉ። ማዶ ያለው ተራራ ከኋላው ሌላ ተራራ አለው፤ ከዚያም ኋላ ሌላ።

ናሁሠናይ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የተቀመጠበት ድንጋይ እኔና የኔታ የገለበጥነው ነው፤ አልነገርኩትም።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰባት ሆነ። የሺ የምስር ወጥ ድስቷን አቅፋ እንደ ታመመ ሰው ትቁነጠነጣለች።

«ውሃ እንኳ ልስጠው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አርብ ነው፣ የሺ።»

ናሁሠናይ ፎቶ አነሳ፣ ለካ፣ ጻፈ፣ እንደገና ተቀመጠ። ስምንት ሰዓት አለፍ ሲል ጉሙ ከታች መውጣት ጀመረ፤ መጀመሪያ ወንዙን፣ ቀጥሎ ቀዩን፣ ከዚያ ነጩን ዋጠ። እስከ መጨረሻው አየው። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጮክ ብሎ አነበበልን፤ የመጀመሪያው ምልከታ እንዲሻር፣ መንገዱ በሙሉ እንዲመዘገብ፣ የመጨረሻ ውሳኔ እስኪሰጥም ንፋስ በር ላይ ምንም እንዳይተከል ይላል። እልል ተባለ። እኔ አላለቀስኩም፤ ነፋሱ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው እላለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ የሺ የሦስት ሰው አበላችው። እያጎረሰችው ነው የጠየቀኝ።

«እማማ፣ በመንገዱ ሁሉ እያየሁ መጣሁ። ለምንድን ነው ቤቶቻችሁ በሙሉ ጀርባቸውን ለገደሉ የሰጡት?»

«ለነፋሱ ነው» አልኩት። ብርድ ልብሱን ሳወርድ የሺ ያለችውም ይህንኑ ነበር።

አርብ፣ አሥራ ሁለት ሰዓትና ከዚያ ወዲህ፣ ቤቴ

በሬን ከፍቼ ገባሁ፤ መብራት ሳላበራ ቆምኩ። የጓዳዬ ግድግዳ ከአፋፉ አርባ እርምጃ አይርቅም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ገደል በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዬ አስተማርኩ፤ አንድ ቀን ግን ተማሪዎቼን አሰልፌ አፋፉ ላይ አላቆምኳቸውም። ማርቆስ ድረስ ሄጄ ሌሎችን ለምን አላያችሁም ብዬ ስጮህ የራሴ ግድግዳ ቀዳዳ እንኳ አልነበረውም። ከጉዞዬ ያመጣሁት ይህን ነው፤ ያንገበግበኛል።

ሰኞ አናጢ ጠርቼ ጓዳዬ ላይ መስኮት አስከፈትኩ። የሺ መጥታ ጮኸች፤ ነፋስ ይገባብሻል አለችኝ። ይግባ አልኳት። ማክሰኞ ተመልሳ አናጢው ስንት እንዳስከፈለኝ ጠየቀችኝ።

የመጨረሻው ደብዳቤ ገና አልመጣም። እምቢ ካሉም መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ፌስታሌም ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ብርድ ልብሱን ግን ከእንግዲህ ለዳስ አላበድርም። አልጋዬ ላይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት እሱን ተከናንቤ መስኮቴ ሥር እቀመጣለሁ።