እርጥብ ጨርቅ

ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ አንዲት ሴት ፀሐይ በማይደርስበት በኩል ተቀምጣለች። አረንጓዴ ቀሚሷ ከጉልበቷ ላይ ርሷል። ጭኗ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ አለ። መኪናው ሲያወዛውዛት ዓይኖቿ ይከደናሉ። እንቅልፍ ይዟት እንኳ እጆቿ ሃይላንዱን ፈልገው ያገኙታል፤ ጥቂት ውኃ አፍስሰው ጨርቁን ይዳብሳሉ። ተራራው በመስኮቱ እንደ ደመና ያልፋል። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከውኃው ግን አትጠጣም።

«እታለም፣ ቅቤሽ ሳይቀልጥ እንደርስ ይሆን?» ይሏታል አጠገቧ የተቀመጡ ሽማግሌ።

«ምነው ቅቤ በሆነልኝ፣ አባባ! የልጄ የስኳር መድኃኒት ነው። ከሞቀ ይበላሻል። የእኛ አገር ጤና ጣቢያ ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ዝግ ነው።»

ሽማግሌው ቆሎ ማኘካቸውን ያቆማሉ።

ኬላው ላይ ታጣቂዎች ሰው ሁሉ ዕቃውን ይዞ እንዲወርድ ያዝዛሉ። እሷ ባዶ እጇን ትወርዳለች።

«ማሰሮውስ?» ይላታል አንዱ፣ በበሩ ወደ ውስጥ እያየ።

«እኔን ፀሐይ ላይ አቁመኝ፣ ልጄ። እሱን ግን እዚያው ጥላው ውስጥ ፈትሸው።»

ታጣቂው ጎንበስ ብሎ ይገባል። እጁን ማሰሮው ውስጥ ይከታል፤ እርጥቡን አሸዋና መሐሉ ላይ የተቀመጠችውን ብልቃጥ ይዳስሳል። እንዲህ ይቀዘቅዛል ብሎ አልጠበቀም። እጁን ቶሎ አያወጣም። ከዚያ ክዳኑን ይመልሳል።

«በሉ ሂዱ።»

መኪናው ሲነሣ የቀረውን ውኃ በሙሉ ጨርቁ ላይ ታፈስሳለች። ከዚያ እርጥብ መዳፏን ትልሳለች።